ማስታወቂያ መስታወት አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ያየሁት አንድ ጽሑፍ አለ። ልጃገረዶች በመልካቸው የሚጨነቁት በማስታወቂያ ምክንያት ነው የሚሉ ሰዎችን ይሞግታል። ጸሐፊው ማንንም ሳይዘልፉ ሐሳባቸውን በቅጡ አስረድተዋል፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ማስታወቂያ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገውን መልሶ የሚያሳይ መስታወት ነው ይላሉ። እናቶቻችን አንድም ቢልቦርድ ሳያዩ ይነቀሱ ነበር። ቀይ ሴት ማስበለጥም ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው። ሴት ላይ ጫና የሚያደርጉትም ቤተሰብና ባል ናቸው። የዛሬ ሴቶች የተማሩ ስለሆኑ በማስታወቂያ ይታለላሉ ማለት መናቅ ነው። የውበት ኢንዱስትሪውም ራሱን አርሟል፤ የእኛም ልጆች ትልልቅ መድረክ ላይ ወጥተዋል። ቁጥጥር ይጠንክር ቢባል የሚጎዱት ትንንሽ ሱቆችና የውበት ሳሎኖች ናቸው።

በአብዛኛው አልስማማም። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝ ደግሞ ጽሑፉን «እውነት ነው» እያሉ ካጋሩት መካከል የልጃገረድ እናቶች ማየቴ ነው።

ከንቅሳቱ ልጀምር። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። አንገት ዙሪያውን፣ ግንባሩን፣ ድዱን የተነቀሱ እናቶች ዛሬም በየቤታችን አሉ። ኩሉ፣ እንሶስላው፣ ወይባ መሞቁ፣ ጸጉር ላይ ቅቤ ማድረጉ፣ ሁሉም ያለ ማስታወቂያ የመጣ ነው። ንቅሳቱን አላሞግሰውም። ፈቃዷን ሳትጠየቅ፣ እያለቀሰች የተነቀሰች ብዙ ናት። ስለዚህ የመዋብ ፍላጎትን ማስታወቂያ ፈጠረው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። እኔ እንደዚያ አልልም።

የምለው ሌላ ነው። የድሮው የውበት መለኪያ ለአብዛኛዋ ሴት የሚደረስበት ነበር። ነቃሿ መጣች፣ ነቀሰች፣ አለቀ። ሹሩባውን ጎረቤት ትሠራዋለች፣ ቅቤው ከቤት ነው። ቆንጆ ለመባል በየወሩ ደሞዝ ማጉደል አያስፈልግም ነበር። ማስታወቂያ የሚያቆመው መለኪያ ግን ከተደረሰበት ገበያው ይቆማል። ስለዚህ ዝንተ ዓለም አንድ እርምጃ ቀድሞ መሄድ አለበት። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ጠዋት «ቦርጭ ማጥፊያ» ሲለጠፍ አየሁ። ከሰዓት በዚያው ቻናል «ዳሌ ማውጫ» መጣ። ማታ «ፊት ሞላ የሚያደርግ»። ልጅቷ ቀጭንም ትሁን ወፍራም የሚሸጥላት ነገር አይጠፋም። መጀመሪያ ግን ጉድለት እንዳለባት ማመን አለባት።

ይህን የሚያሳይ የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1915 ጂሌት አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የሴቶች ምላጭ ለገበያ አቀረበ። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ፋሽን መሆን የጀመረበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የሴቶች መጽሔቶች ላይ የወጡ ማስታወቂያዎች የብብት ጸጉርን የሚያሳፍር ነገር አድርገው አቀረቡት። ከዚያ በፊት አብዛኛዋ አሜሪካዊት የብብቷ ጸጉር ጉዳይዋ አልነበረም። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አለመላጨት ነውር ሆነ። እዚህ ላይ መስታወቱ የቱ ጋ ነው? ፍላጎቱ ቀድሞ አልነበረም፤ እፍረቱ ከምላጩ ጋር አብሮ መጣ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፊጂ ታሪክ ነው። ፊጂ የፓስፊክ ደሴት አገር ናት። እዚያ ባህሉ ሞላ ያለ ሰውነትን ይወዳል። ሰው ሲከሳ ዘመድ ይጨነቃል፣ ምን ጎደለበት ይባላል። ከእኛ ጋር መመሳሰሉን እዩት። እኛም ዘንድ «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» ምርቃት ነበር፤ «ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ደግሞ የሐሳብ ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደሚባለው የፊጂ አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። ፕሮግራሙ በአብዛኛው የአሜሪካ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ነበር፤ ከነማስታወቂያው። አን ቤከር የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶችን ጠየቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰው በዚያው ዕድሜ ያሉ ሌሎች ልጃገረዶችን ያንኑ ጠየቁ። የአመጋገብ መዛባትን በሚለካው መጠይቅ አሳሳቢ ነጥብ ያመጡት መጀመሪያ 12.7 በመቶ ነበሩ፤ በ1998 29.2 በመቶ ሆኑ። ለመክሳት ብላ ራሷን የምታስመልስ ልጅ በ1995 አንዲትም አልተገኘችም። በ1998 11.3 በመቶ ሆኑ።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በየዙሩ የተጠየቁት ከ60 የበለጡት በጥቂቱ ነው። ተጽዕኖውም የማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ፊልሙም ድራማውም አለበት። ይህን አልደብቅም። ግን ልጃገረዶቹ ራሳቸው የተናገሩትን ማንበብ ይበቃል። ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩዋቸውን ሴቶች መምሰል እንደሚፈልጉ፣ እንደነሱ ከከሱ ሥራ እንደሚያገኙ ተናግረዋል። ስንት ዘመን የኖረ የውበት ልክ በሦስት ዓመት ሲናጋ፣ ቴሌቪዥኑ ያለውን ብቻ ነው ያሳየው ማለት እንዴት ይቻላል?

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ በጽሑፉ ብዙ ያሳዘነኝ እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው ቀይ ማስበለጥ የቆየ ነው፣ ክሬም ሻጩ ምን ያድርግ ይላሉ። የቆየ መሆኑ እውነት ነው። አራስ ቤት የገባ ሰው «ቀይ ናት ጠይም?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምተን አድገናል። ዘፈኖቻችን ጠይሟን ምን ያህል ቢያሞግሱም ጥቁር የተባለች ልጅ ሰፈር ውስጥ ምን እንደምትባል ሁላችንም እናውቃለን። ግን አድልዎ እና በአድልዎ መነገድ ይለያያሉ። አክስቷ «ጠቆርሽ» ስትላት ልጅቷ ይከፋታል፤ ግን የምታደርገው ነገር የለም፣ ታድጋለች፣ ትረሳዋለች። ማስታወቂያው ግን መልኳን በሽታ ያደርገዋል። በሽታ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት አለው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ዋጋ አለው።

የማስታወቂያዎቹን አሠራር ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ይቀመጣል። በግራ «በፊት» ይላል። ልጅቷ አትስቅም፣ ጸጉሯ አልተሠራም፣ ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ፊቷ ላይ ጥላ አለ። በቀኝ «በኋላ» ይላል። ሪንግ ላይት ፊት ለፊቷ በርቷል፤ ዓይኗ ውስጥ ክብ ሆኖ ይታያል። ሂውማን ሄር አድርጋለች፣ ሊፒስቲክ ተቀብታለች፣ ትስቃለች። ክሬሙን ከመሀል ብታወጡት ሁለቱ ፎቶዎች ያው ሁለት ፎቶ ናቸው። ከሥር «ለማድያት፣ ለብጉር፣ ለጠባሳ፣ ለጥቁረት» ተብሎ ይጻፋል። ሦስቱ የቆዳ ሐኪም የሚያያቸው ነገሮች ናቸው። አራተኛው የአብዛኞቻችን መልክ ነው። ከሕመም ተርታ መሰለፉን ልጆቻችን በየቀኑ ያነቡታል።

ይህ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። ህንድ ውስጥ ፌር ኤንድ ላቭሊ ይባል የነበረው የማቅሊያ ክሬም እ.ኤ.አ. በ1975 ነው ገበያ ላይ የወጣው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የታየ አንድ ማስታወቂያው ዛሬም ይጠቀሳል። አባት ምነው ወንድ ልጅ በኖረኝ እያለ ሲያዝን ሴት ልጁ ትሰማዋለች። ክሬሙን ትቀባለች፣ ትቀላለች፣ የበረራ አስተናጋጅ ትሆናለች፣ ቤተሰቧን ታኮራለች። የህንድ የሴቶች ማኅበር ለመንግሥት አቤት ብሎ በ2003 ማስታወቂያው ከአየር ላይ ወረደ። መልእክቱን አስቡት። ልጅቷ ሥራ ያጣችው በትምህርቷ ወይም በችሎታዋ አይደለም፤ በቆዳዋ ነው። አባቷ እንዲኮራባት መጀመሪያ ሌላ ሰው መምሰል አለባት። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ያለውን አድልዎ ከማንጸባረቅ አልፎ ደረሰኝ ይቆርጥለታል።

ጉዳቱ ደግሞ ልብ ላይ ብቻ አይቀርም። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ሃይድሮኪኖን፣ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለባቸው። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፤ ደም ሥሩ ከላይ ይታያል፣ ስታቆመው ፊት ይቆጣል፣ ይቆጠቁጣል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁረት ያመጣል፤ ይህን ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። አይቮሪ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2015 የማቅሊያ ክሬሞችን ያገደችው፣ ሩዋንዳ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ፖሊስ አሰማርታ ከየሱቁ ያስለቀመችው ለዚህ ነው።

«የተማሩ ሴቶች አይታለሉም» የሚለው ክርክር ሲሰሙት ደስ ይላል። ለሴት ክብር የሚሰጥ ይመስላል። ግን ማስታወቂያ የሚሠራው በማታለል ብቻ አይደለም። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና ሳፈላ አጠገቤ ተቀምጣ በስልኳ ራሷን ፎቶ ታነሳለች። ፊልተሩ አፍንጫዋን ያጠብበዋል፣ አገጯን ያሾለዋል፣ ጠይም ፊቷን ያቀላዋል።

«ይኼ'ኮ አንቺ አይደለሽም» አልኳት።

«አውቃለሁ አክስቴ፣ ፊልተር ነው።»

«ታዲያ ያለ ፊልተሩ አትለጥፊውም?»

«እንዴ! ያለ ፊልተርማ አስጠላለሁ።»

ሳታዝን፣ እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው። ይህች ልጅ ፊልተር ምን እንደሆነ ከእኔም ከጸሐፊውም በላይ ታውቃለች። ማንም አላታለላትም። ማወቋ ግን አላዳናትም። የተቀባውን ፊት በቀን መቶ ጊዜ የምታይ ልጅ ዓይኗ ይለምደዋል፤ የራሷን ፊት ስታይ የጎደለ ይመስላታል። ዓይን የለመደውን በእውቀት መመለስ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

ኩባንያዎቹም ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች ሾልከው ወጡ። የኢንስታግራም የራሱ ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት ነበረበት። ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ሲሰማቸው ኢንስታግራም ስሜቱን ያባብስብናል ያሉ ልጃገረዶች 32 በመቶ ነበሩ። ይህን የጻፈው የኢንዱስትሪው ጠላት ቢሆን ጸሐፊው መጠራጠር ይችሉ ነበር።

ሌላም አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወርድ ተደርጓል። ያኔ የቢራ ማስታወቂያ ወጣቱን ይስባል ስንል ወጣቱን ናቃችሁት ያለን የለም። ወላጅ ደስ አለው። የቢራ ማስታወቂያ ወንድ ልጆቻችንን እንደሚነካ ያለ ክርክር ከተቀበልን፣ ሴት ልጆቻችን ላይ ሲደርስ ማስታወቂያ በምን ተአምር አቅም ያጣል?

ኢንዱስትሪው ተለውጧል የሚለውን በከፊል እቀበላለሁ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የመዋቢያ አምራቹ የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊት ስትሆን ኩባንያው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። አዲስ አበባ የተወለደች ልጅ በዚያ ደረጃ ስትታይ ደስ ብሎኛል፣ ዛሬም ደስ ይለኛል። በ2013 ቲቲ አይናው ሚስ እስራኤል ስትባል እዚያ ያሉ የቤተ እስራኤል ልጃገረዶች ምን ተሰምቷቸው እንደሚሆን መገመት አያቅትም። መታየት ትልቅ ነገር ነው። ግን ደረጃው ራሱ አልተቀየረም። ለሞዴልነት የሚመረጡት የእኛ ልጆች ረጅም፣ በጣም ቀጭን፣ አንገተ መቃ ናቸው። ከመርካቶ እስከ ባሕር ዳር በየመንገዱ የምናያት አብዛኛዋ ሴት ያንን አትመስልም።

ጸሐፊው በአርአያነት ያነሱት የደቭ ሳሙና ዘመቻ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ደቭ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ «እውነተኛ ውበት» በሚል ወፍራሟንም፣ ሽማግሌዋንም፣ ጠቃጠቆ ያላትንም ሴት አሳይቷል። በ2006 ያወጣው አጭር ፊልም አንዲት ሴት በሜካፕና በኮምፒውተር እንዴት የቢልቦርድ ፊት እንደምትሆን ያጋልጣል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ለልጆቻችን ብናሳያቸው እወዳለሁ። ነገር ግን የደቭ ባለቤት ዩኒሊቨር ነው። ቅድም ያነሳሁት ፌር ኤንድ ላቭሊም የዩኒሊቨር ነው። ለአንዷ «እንዳለሽ ቆንጆ ነሽ» እያለ ሳሙና ይሸጣል፤ ለሌላዋ «ቅይ» እያለ ክሬም ይሸጣል። ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ ከአንድ ቤት። በ2020 የጥቁሮች መብት ተቃውሞ ዓለምን ሲያናውጥ የክሬሙ ስም ግሎው ኤንድ ላቭሊ ተባለ። ክሬሙ ግን ከገበያ አልወጣም። ይህን ራስን ማረም ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ቤተሰብና ባል ናቸው ጫና የሚያደርጉት የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። አዎ፣ ያደርጋሉ። እነሱም ግን ያንኑ ማስታወቂያ ነው የሚያዩት።

የመጨረሻው ነጥብ ቁጥጥር ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ አዲስ ነገር አልጠየቅንም። የከበደው በስልክ የሚመጣውን መከታተል ነው። ሌሎች አገሮች ምን ሞከሩ ብንል፣ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ከመጠን በላይ የቀጠነች ሞዴል ማስታወቂያ ላይ እንዳትወጣ አድርጋለች፤ ሰውነቷ በኮምፒውተር የቀጠነ ከሆነም በግልጽ ይጻፍ ብላለች። ፈረንሳይ በ2017 ተመሳሳይ ምልክት አስገድዳለች። ኖርዌይ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በማኅበራዊ ሚዲያ ገንዘብ ተከፍሏቸው የሚያስተዋውቁትንም ጨመረች። ምልክት መለጠፍ ብቻውን ብዙ እንደማይፈይድ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የእህቴን ልጅ ላየ ሰው ይህ አይገርመውም። ስለዚህ እኔ ከፎቶው ይልቅ የክሬሙ ካርቶን ላይ በሚጻፈው ነው የማተኩረው።

ትንንሾቹ ሱቆች ይጎዳሉ ስለተባለው ደግሞ፣ ሰፈሬ ያለችው ጸጉር ሠሪ የምትኖረው በሹሩባ፣ በካስክና በፒያስትራ ነው። የማቅሊያ ክሬም ቢታገድ አንድ ደንበኛ አታጣም። የሚጎዳው ሌላ ነው። እሱን ለማወቅ አንዱን የቴሌግራም ሻጭ ኢንቦክስ ጠየቅኩት። «ክሬሙ ውስጥ ምን አለ?» አልኩት። «ኦርጋኒክ ነው እህቴ፣ በሳምንት ለውጥ ታያለሽ» አለኝ። የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ። የተጻፈበት ቋንቋ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቅኩትም፤ የይዘት ዝርዝር የሚመስል ነገርም የለውም። ስንት ዓመት ለሆናት ልጅ እንደሚገዛ አልጠየቀኝም። አድራሻና ስልክ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው። ማንኛውም ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር ይዘቱ በአማርኛና በሌሎች አገራዊ ቋንቋዎች ይጻፍበት፤ ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ ያለበት ያለ ሐኪም ማዘዣ አይተዋወቅ፤ «ጥቁረት» ከማድያትና ከጠባሳ ጋር በበሽታ ዝርዝር ውስጥ አይግባ። ከነዚህ ከሦስቱ የቱ ነው የየትኛዋን ሳሎን በር የሚያዘጋው? በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢመልሱልኝ አነበዋለሁ።